ያልታጠበው ዝሆን

ማክሰኞ፣ ሚያዝያ 14 ቀን
ከሰዓት በኋላ፣ ከእናትሽ የስፌት መኪና ጎን

የምወድሽ ልጄ፣

እንደምን ከርመሻል? ትንሿስ? ሁለተኛው ጥርሷ ወጣ ወይስ አሁንም ያገኘችውን ሁሉ ስታኝክ ነው የምትውለው? ባልሽስ አዲሱን ሥራ ለመደው? እኛ በጣም ደህና ነን። እናትሽን አልፎ አልፎ ጉልበቷን ያማታል፣ ምላሷ ግን ጤነኛ ነው። እኔም ደህና ነኝ። እንዲያውም ከደህና በላይ ነኝ፤ ብዕር ያስነሳኝም እሱ ነው።

ጽሕፈቴን ስታዪ ሰው የታመመ መስሎሽ እንዳትደነግጪ፣ ማንም አልታመመም። ሠላሳ አራት ዓመት አባትሽ ስሆን አንድም ደብዳቤ ጽፌልሽ አላውቅም፣ ይገባኛል። እናትሽ ስትጽፍልሽ ከወዲያኛው ክፍል ሆኜ «ሰላም በያት» እላታለሁ፣ እሷም መጨረሻ ላይ «አባትሽ ሰላም ብሎሻል» ብላ ጣል ታደርግበታለች። አንቺም በበኩልሽ «ለአባዬ ሰላምታዬን አቅርቢልኝ» ትያለሽ። በአንድ አውቶብስ እንደሚመላለሱ ሰዎች ሆነን ኖርን፤ ሰላምታ አይቀርብንም፣ ጨዋታ ግን የለንም።

ከደብዳቤው ጋር አንድ እሽግ ይደርስሻል። አንብበሽ ሳትጨርሺ እንዳትከፍቺው። ትዕግሥት እንደሌለሽ አውቃለሁ፣ ከእኔ ነው የወረስሽው፤ ግን ለዛሬ ቻይው።

ስልክ እያለ ምን ደብዳቤ አስፈለገ ትዪ ይሆናል። ባለፈው እናትሽ ስልኩን ሰጥታኝ «እንዴት ነሽ የኔ ልጅ» ስል ትንሿ እዚያ ማዶ ሆና የለቀቀችውን ጩኸት ረሳሽው? ስልኩን እጄን ያቃጠለኝ ይመስል ለእናትሽ መለስኩላት። ከዚያ ወዲህ አንቺ ስትደውዪ እኔ ግቢ ውስጥ ሥራ እፈልጋለሁ። ቀጥሎ ደግሞ ለእናትሽ የጻፍሽላትን አነበብኩ። አትቆጫት፣ መነጽሯ ጠፍቶባት ነው ያስነበበችኝ። «ልጅቷ ሰው አትቀርብም። ሐምሌ ላይ ስትመጡ ብታለቅስበት አባዬን ቅር እንዳይለው ከአሁኑ አለማምጂው» ይላል። ለእኔ አስበሽ እንደጻፍሽው ገብቶኛል። ቢሆንም ያቺ መስመር ሦስት ቀን እህል አላስቀመሰችኝም። ምክንያቱም ይሄ ነገር አንድ ጊዜ ደርሶብኛል፣ ያኔ ያለቀሰችብኝም አንቺ ነሽ።

አንቺ አታስታውሺውም። ከባድ መኪና እነዳ ነበር፣ አንዴ ከወጣሁ ሃያ ቀን፣ አንዳንዴም ወር እቆያለሁ። መንገድ ላይ ሌላ ሐሳብ አልነበረኝም፤ ስገባ እንዴት ብድግ አድርጌ እንደምስምሽ ብቻ ነበር የማስበው። ቤት ስደርስ እጄን ዘርግቼ «የት አለች ልጄ?» እያልኩ እገባለሁ። አንቺ አንድ ጊዜ ታዪኝና እናትሽ አንገት ውስጥ ተወሽቀሽ ጎረቤት እስኪሰማ ትጮሂያለሽ። እስክትለምጂኝ አራት ቀን ይፈጃል። በአምስተኛው ቀን መልሼ እወጣለሁ። ስመጣ እንደገና ከዜሮ። ሁለት ዓመት እንዲህ ከሆነ በኋላ እጄን መዘርጋት ተውኩ። ይህቺ ልጅ አልወደደችኝም ብዬ ደመደምኩ፣ በግድ ውደጂኝ ማለትም ከበደኝ። ካደግሽ በኋላ እንኳን ያ ነገር ከሆዴ አልወጣም። ስለዚህ አሁን፣ ሐምሌ ሳይገባ፣ ሕፃን እንዴት እንደሚቀረብ መማር ነበረብኝ። የት እንደተማርኩ ስነግርሽ ትስቂያለሽ። ሳቂ፣ ፈቅጄልሻለሁ።

እናትሽ ካለፈው ዓመት ጀምሮ ለአንድ ቲያትር ቤት እንደምትሰፋ ነግራሻለች። የምን ቲያትር እንደሆነ ግን የነገረችሽ አይመስለኝም። የአሻንጉሊት ቲያትር ነው፣ ተመልካቾቹም ሕፃናት ናቸው። ሕፃናት ስልሽ የተማሪ ቤት ልጆች እንዳይመስሉሽ፤ ከስድስት ወር እስከ ሁለት ዓመት፣ ግማሾቹ ገና ሲቀመጡ ወደ ጎን የሚወድቁ። «አፉን ላልፈታ ልጅ ምን ቲያትር ያስፈልገዋል?» ብላት፣ «አንተስ ምንም ሳይገባህ ሬዲዮ ትሰማ የለ እንዴ» አለችኝ። ቤቱ ጋራዡ ጀርባ ያለው የድሮው የጎማ መጋዘን ነው። ስንት ጊዜ ጎማ ያስቀየርኩበት ቤት ዛሬ ወለሉ ምንጣፍና ትራስ ሆኗል፤ አሥራ ሁለት ልጅ ከእናትና ከአባቱ ጋር ዙሪያውን ይቀመጥበታል።

ትርዒቱም እኔ የማውቀው ዓይነት አይደለም። ንጉሥ የለበትም፣ ሽጉጥ የለበትም፣ ባልና ሚስት አይጣሉበትም። አንድ ዝሆን ከእንቅልፉ ይነሳል። ዝናብ ይዘንባል፤ የሚያዘንበው ሙዚቀኛው ነው፣ ምስር በጣሳ ውስጥ እያንከባለለ፣ በሌላ እጁ ደግሞ ለብ ያለ ውሃ በልጆቹ መዳፍ ላይ ጠብ ጠብ ያደርጋል። ነፋስ ይመጣል፤ ስስ ነጭ ጨርቅ በራሳቸው ላይ ቀስ ብሎ ያልፋል። ዝሆኑ ብርቱካን ያገኛል። ብርቱካኑ የእውነት ነው፣ ሲላጥ ሽታው ቤቱን ይሞላዋል፣ ልጆቹ ልጣጩን ይዳብሱታል፣ ቢልሱትም ከልካይ የለም። ከዚያ ዝሆኑ ይተኛል። በቃ፣ ይኸው ነው፣ ሃያ አምስት ደቂቃ።

የመጀመሪያው ቀን የእናትሽን ጨርቅ ተሸክሜላት ሄድኩና ጥግ ላይ ተቀመጥኩ። ዝሆኑ ገና ዓይኑን ሊገልጥ ሲል ጉሮሮዬን ጠረግኩ። ጉሮሮ አጠራረጌን ታውቂዋለሽ፣ ሠላሳ ዓመት ከሞተር ጋር ሲፎካከር የኖረ ነው። ዘጠኝ ሕፃን በአንድ አፍ አለቀሰ። ቆጥሬያቸዋለሁ። ሙዚቀኛው እዚያው ጋሽ ጡሩምባ ብሎ ስም አወጣልኝ፣ እስከ ዛሬም በዚሁ ነው የምጠራው። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ። የትርዒቱ አዘጋጅ ግን አልተቆጣችኝም። ድሮ የሕፃናት ሆስፒታል ነርስ ነበረች፣ አጠገቧ ሰው የተኛ ይመስል ነው ሁልጊዜ የምታወራው። «ጋሼ፣ ቅር ካላለዎት በር ላይ ሆነው ጫማ ይቀበሉልን» አለችኝ።

እንዲህ ሆኜ የጫማ ኃላፊ ሆንኩልሽ። አሥራ ሁለት ጥንድ ጫማ፣ ከመዳፌ የሚበልጥ የለም። ግድግዳ አስይዤ እንደ መኪና ማቆሚያ ደረደርኳቸው፣ አፍንጫቸውን ወደ መውጫው አዙሬ። አንድ እናት «ጋሽ ጡሩምባ ካለ ጫማ አይጠፋም» ስትል ሰምቼ ምን ያህል ደስ እንዳለኝ አልነግርሽም። በየሐሙሱ በበሩ ስንጥቅ ትርዒቱን አያለሁ። ከሁለት ወር በኋላ ዝሆኑን የምታንቀሳቅሰው ልጅ ልትወልድ ስትቀር አዘጋጇ መጥታ «እርስዎ ትርዒቱን በቃልዎ ያውቁታል አይደል?» አለችኝ። አሥር ማርሽ ያለው መኪና ስጡኝ እንጂ አሻንጉሊት አልችልም አልኳት። «ከመኪናው ይቀላል፣ ግን ይከብዳል» አለችኝ፤ የምትናገረው ሁሉ እንዲህ ነው።

የዝሆኑ ስም ጎምላሌ ነው። ቁመቱ እስከ ጉልበቴ ይደርሳል። ሰውነቱ ከአሮጌ ብርድ ልብስ የተሰፋ ነው፣ ኩምቢው የሹራብ እጅጌ ነው፣ ክንዴን እስከ ክርኔ አስገብቼበት አንቀሳቅሰዋለሁ። ልጆቹ የኩምቢውን ጫፍ አፋቸው ውስጥ ስለሚከቱት እንደ ካልሲ የሚወልቅ ሽፋን አለው፤ ሽፋኑ ለእያንዳንዱ ልጅ ይቀየራል፣ ከትርዒቱ በኋላም ይቀቀላል። ሽፋኑ ብቻ። ይህቺን «ብቻ» ያን ጊዜ ልብ አላልኳትም።

ሥራው ሦስት ሕግ አለው። አሻንጉሊት ከመንቀሳቀሱ በፊት ይተነፍሳል። ሆዱ ከፍ ዝቅ ካላለ ልጆቹ ጨርቅ ነው ብለው ያልፉታል፣ ከተነፈሰ ግን ያምኑታል፤ ሞተር ሳታሞቂ እንደማትነሺው ማለት ነው። ሁለተኛው፣ ዓይንህን ከአሻንጉሊቱ ላይ አትንቀል፣ ልጁ ላይ አታፍጥ። ሦስተኛው ነው ያቃጠለኝ። «ጋሼ፣ እርስዎ ወደ ልጁ አይሂዱ። ቁጭ ብለው ይጠብቁ፣ ልጁ ይምጣ። እጁን ዘርግቶ የሚመጣ ትልቅ ሰው ለሕፃን የሚወድቅበት ግድግዳ ነው» አለችኝ። እሺ ብዬ ተቀበልኳት። ውስጤን ግን አንድ ነገር ኮረኮረኝ። ያኔ እጄን ዘርግቼ በዚያ ድምፄ እየጮህኩ እገባብሽ የነበረው ትዝ አለኝ።

እንግዲህ ወደ ጥፋቴ ልምጣ። የሐሙስ ልጆች ውስጥ አንዲት የዓመት ከሦስት ወር ልጅ አለች፣ ሹሟ ነው የምላት፣ ሁላችንንም ልታባርረን ያሰበች ይመስል ከላይ እስከ ታች ስለምታየን። አባቷ የጥርስ ሐኪም ነው፣ የራሷን ጥርስ ግን አሳይታው አታውቅም። እሷ ሁልጊዜ ከሁሉም በፊት ትመጣና የጎምላሌን ኩምቢ በሁለት እጇ ይዛ ፊቷን ሆዱ ውስጥ ትቀብራለች። እሷ ከሄደች ሌሎቹ ተከትለዋት ይንፏቀቃሉ። ከአምስት ሳምንት በፊት፣ ረቡዕ ዕለት፣ ጎምላሌን ሳየው ሆዱ ላይ የብርቱካን ጭማቂ ደርቆበታል፣ ጆሮው በለሃጭ ነጥቷል። አፈርኩ። ሰው ልጁን አምኖ የሚያስነካው ነገር እንዲህ ይሁን? መኪናዬን እንኳ ጭቃ ካስነካሁ እንቅልፍ የማይወስደኝ ሰው ነኝ። ማንንም ሳልጠይቅ ቤት ወሰድኩት። እናትሽ እህቷ ጋ ሄዳ ነበር። በትልቁ ሳፋ ዘፈዘፍኩት፣ አበባ አበባ በሚሸት ሳሙና ሦስት ጊዜ አሸሁት፣ ፀሐይ ላይ ሰቅዬ አደረቅኩት፣ ጆሮዎቹን በካውያ ተኮስኳቸው። አዲስ ሙሽራ መሰለ።

ሐሙስ ደረሰ። ጎምላሌ ተነፈሰ፣ ዓይኑን ገለጠ፣ እኔም በሕጉ መሠረት ዓይኔን እሱ ላይ ተክዬ ጠበቅኩ። ሹሟ መጣች። ኩምቢውን ያዘች፣ ፊቷን ሆዱ ውስጥ ቀበረች። ከዚያ ቀስ ብላ ፊቷን አወጣች። ዝሆኑን አየችው፣ እኔን አየችኝ፣ እንደገና አሸተተችው። ከንፈሯ ተንቀጠቀጠ። ያን የመሰለ ለቅሶ ካንቺ ወዲህ ሰምቼ አላውቅም። የተቆጣች ልጅ ለቅሶ አይደለም፣ የሚያውቁት ሰው ጠፍቶ በምትኩ ሌላ ሰው ሲመጣ የሚለቀስ ነው። ሌሎቹም መጥተው እያሸተቱ ተመለሱ። አንዱ ጭራሽ ጀርባውን ሰጥቶን ተቀመጠ። ትርዒቱ ዝናቡ ላይ ሳይደርስ ቆመ።

«ጋሼ፣ ጎምላሌን ምን አድርገውታል?» አለችኝ አዘጋጇ።

«አጠብኩት» አልኩ።

«አጠቡት?»

«በደንብ አድርጌ ነዋ።»

ሙዚቀኛው ፊቱን በጣሳው ሸፈነ፣ ትከሻው ይንቀጠቀጣል። አዘጋጇ ግን አልሳቀችም። አጠገቤ ምንጣፉ ላይ ተቀመጠችና፣ «ጋሼ፣ እነዚህ ልጆች መልክ ብቻ አይበቃቸውም። ሰውን የሚያውቁት በጠረኑ ነው። እርስዎ እነሱ የለመዱትን ወስደው የማያውቁትን ነው ያመጡላቸው» አለችኝ። ምን ይሻላል ስላት፣ «ያጠበው ሰው ይመልሰው። ሳምንቱን ሙሉ ሰውነትዎ ላይ ይያዙት። ሽቶ እንዳይነኩ፣ ካፖርትዎንም እንዳይቀይሩ» ብላ ፈረደችብኝ።

ቤት ስገባ እናትሽ ተመልሳለች፣ በካውያ የለያየሁትን የጆሮውን ስፌት እንድትጠግነው ሰጠኋትና የሆነውን ነገርኳት። በሳቅ ፈረሰች። እንባዋን በጨርቅ ጠርጋ ስታበቃ፣ «አንተ ሰው፣ ዛሬም አጥበህ ገባህ?» አለችኝ።

«ዛሬም ማለት?»

«ልጅቷ ሕፃን እያለች መንገድ ስትወጣ ለብሰኸው የሰነበትከውን ሸሚዝ አላጥበውም ነበር። አልጋዋ ውስጥ ነበር የምከተው። እሱን ሳታቅፍ አትተኛም። እጅጌውን እየጠባች ነው እንቅልፍ የሚወስዳት። አንተ ደግሞ ስትመጣ ከጋራዡ ጀምረህ ታጥበህ፣ ተላጭተህ፣ ሽቶ ነስንሰህ ትገባለህ። ታዲያ ልጅቷ ምን ታድርግ? አባቷ አልጋዋ ላይ ነው፣ በር ላይ የቆመው ሰውዬ ሳሙና ሳሙና ይላል።»

ክው አልኩ። ለምን አልነገርሽኝም አልኳት። «ሸሚዝህ ላይ ልጅ አስመለሰችበት ብዬ ብነግርህ ቤቱን ትገለብጠው አልነበር?» አለችኝ። እውነቷን ነው። ከመንገድ በመጣሁ ቁጥር አንድ ሸሚዝ ጎደለ እያልኩ ምን ያህል እጨቃጨቅ እንደነበር ሰፈሩ ያውቃል፤ አንድ ጊዜ የጎረቤትን የልብስ ገመድ ሁሉ ፈትሼያለሁ። «ደግሞ የምታውቅ መስሎኝ ነበር» አለች ቀጥላ፣ መርፌዋ ውስጥ ክር እያስገባች። «ኋላም አደገች፣ እኔም ረሳሁት።»

ወጥቼ ግቢው ውስጥ ልብስ ማስጫው ሥር ተቀመጥኩ። ልጄ፣ ያን ሁሉ ዓመት አልወደድሽኝም ብዬ ነበር። አንቺ ለካ እኔ በሌለሁበት ሁሉ አቅፈሽኝ ትተኚ ነበር። አለቀስኩ፣ አልደብቅሽም። ደስ ብሎኝም ነው፣ ቆጭቶኝም ነው፣ የትኛው እንደሚበልጥ እስካሁን አልለየሁም። እናትሽ በመስኮት አይታኝ መስኮቱን ዘጋችልኝ።

ከዚያ ሳምንቱን ጎምላሌን ካፖርቴ ውስጥ ይዤ ዞርኩ። ሆዴ ድሮም ትንሽ ስላልሆነ ካፖርቱ በግድ ነው የተቆለፈው። አውቶብስ ላይ አንዲት ሴትዮ እርጉዝ የመሰልኳት ይመስለኛል፣ መቀመጫ ለቀቀችልኝ። ፀጉር አስተካካዩ ጋ ኩምቢው በአንገቴ ብቅ አለና ሰውዬው መቀሱን ጣለ። ዳማ የምንጫወትበት ቤት ጡረተኛ ሾፌሮቹ፣ «ከጡረታ በኋላ ወለድክ እንዴ?» እያሉ በየተራ እየመጡ አቀፉት። እኔም አሳቀፍኳቸው፣ ግን ሲጋራ የሚያጨሰውን አላስጠጋሁትም። ያን ያህል በሰው ፊት ተስቆብኝ ያን ያህል ደስ ብሎኝ አያውቅም።

ሐሙስ ተመልሰን ገባን። ብብቴ በላብ ርሷል፤ መንጃ ፈቃድ ስፈተን እንኳ እንዲያ አልሆንኩም። ጎምላሌ ተነፈሰ። ሹሟ ከሩቅ ቆማ አየችው፣ ባለፈው የከዳትን አልረሳችም። ጠበቅኩ። ሙዚቀኛው ምስሩን ሁለት ጊዜ አንከባለለ፣ እሷ ግን ንቅንቅ የለም። እጄን ልዘረጋ ፈልጌ እንዴት እንደቻልኩት እኔ ነኝ የማውቀው። በመጨረሻ እየተንገዳገደች መጣችና አፍንጫዋን ሆዱ ላይ አስጠጋች። ቆየች። እንደገና አሸተተች። ከዚያ ፊቷን አልቀበረችም፤ ኩምቢውን ተከትላ ወደ ላይ መጣች፣ የሹራቡን እጅጌ፣ ከዚያ ክንዴን፣ ከዚያ ካፖርቴን እያሸተተች ጭኔ ላይ ወጣች። ጭንቅላቷን ደረቴ ላይ ጣል አደረገችና አውራ ጣቷን አፏ ውስጥ ከተተች።

እንደዚያው ተቀመጠች። ዝናቡ ዘነበ፣ ነፋሱ አለፈ፣ ብርቱካኑ ተላጠ፣ እኔ በአንድ እጄ ዝሆኑን እያስተነፈስኩ አልተነቃነቅኩም። እግሬ ደንዝዞ የራሴ መሆኑን ረሳሁት። የጥርስ ሐኪሙ አባቷ አፉን በእጁ ይዞ ያየናል። ሲያልቅ ሁለት ሰው ደግፎ ነው ያነሳኝ። አዘጋጇ አጠገቤ መጥታ፣ «አዩ ጋሼ፣ ጎምላሌ እርስዎን እርስዎን ይሸታል። እነሱ ሁለታችሁን አንድ ነው የሚያውቋችሁ» አለችኝ። አሁን ሐሙስ በሐሙስ ጫማ ስቀበል ገና በሩ ላይ ሳሉ እየተንጠራሩ ይመጡብኛል። ጉሮሮዬን ብጠርግ እንኳ የሚያለቅስ የለም፤ አንዱማ እኔን እያየ እሱም መጥረግ ጀምሯል፣ እናቱ አልወደደችውም።

አሁን ስለ እሽጉ ልንገርሽ። ያን ዕለት ማታ ስንበላ እናትሽ ብድግ ብላ ከሣጥኗ ሥር አንድ ሰማያዊ ሸሚዝ አወጣች። ከእነዚያ ከጠፉት የመጨረሻው ነው፣ ደብቃ አኑራዋለች። የቀኙ እጅጌ ጫፍ ታኝኮ ታኝኮ ሳስቷል፤ ያንቺ ድድ ሥራ ነው። አሸተትኩት፣ ሣጥን ሣጥን ብቻ ይላል፣ ከእኔ ምንም አልቀረበትም። ስለዚህ እንደገና ለበስኩት። ቁልፉ ሆዴ ላይ አይገናኝም፣ እንደሆነው ለበስኩት። ሁለት ሳምንት ሙሉ ለብሼው ዋልኩ፣ ዛፍ ቆረጥኩበት፣ ዳማ ተሸነፍኩበት፣ ከሰዓት ከሰዓት ጋራዡ በር ላይ ተቀምጬ ከመካኒኮቹ ጋር ስጨዋወት ቆየሁበት። ከዚያ እናትሽ ቀደደችውና ትንሽ ዝሆን አድርጋ ሰፋችው። ያኔ አንቺ የጠባሽው እጅጌ ኩምቢው ነው። ለትንሿ ጥርስ ስድስት ሽፋን ተሰፍቶለታል፣ ሽፋኖቹን ቀቅያቸው። ዝሆኑን ግን አትጠቢው። ቢቆሽሽም፣ ሰው ቢያማሽም፣ አማትሽ መጥተው ምን ጉድ ነው ቢሉም አትጠቢው። አልጋዋ ውስጥ ክተችላት።

ሐምሌ ስንመጣ ሽቶ አልቀባም። እናትሽ «እንዲህ ሆነህ አውሮፕላን ላይ ከጎኔ አትቀመጥም» ብላኛለች፣ እንግዲህ ሌላ ወንበር ይሰጡኛል። በሩን ስትከፍቺልኝ እጄን አልዘረጋም፣ አልጮህም። ወለሉ ላይ እቀመጣለሁ፣ እተነፍሳለሁ፣ እጠብቃለሁ። ትንሿ አንድ ቀን ቢፈጅባት አንድ ቀን፣ አራት ቀን ቢፈጅባት አራት ቀን። በአምስተኛው ቀን የሚጠራኝ መንገድ የለም።

እናትሽ ከስፌት መኪናዋ ሆና «ሰላም በላት» እያለች ነው። እናትሽ ሰላም ብላሻለች።

ልጄ፣ ያሰብሽው ይሙላልሽ። የምታሳድጊያት ልጅ እቅፍሽ ሁልጊዜ እንዲሞቃት፣ ባልሽም በገባ በወጣ ቁጥር በደስታ የሚቀበለው እንዲኖር ፈጣሪ ይርዳችሁ። እኔ ያጣሁትን አራት አራት ቀን ሁሉ ለእናንተ ዕድሜ አድርጎ ይቀጥልላችሁ።

አባትሽ
(እዚህ ጋሽ ጡሩምባ ነው የምባለው)

አሁን እሽጉን መክፈት ትችያለሽ። ለትንሿ ከመስጠትሽ በፊት ግን ብቻሽን ሁኚና መጀመሪያ አንቺ አሽትቺው። ትዝ ያለሽ ነገር ካለ ጻፊልኝ፣ ለእናትሽ ሳይሆን ለእኔ። ምንም ትዝ ባይልሽም ጻፊልኝ። እስክትጽፊ ቁጭ ብዬ እጠብቃለሁ።